ቁልፉን ከማስረከባችሁ በፊት

ውድ ወላጆች፣ ልጆቻችንን የምትይዙልን ሞግዚቶችም፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

ልጅ መያዝ አንድ ሥራ ነው። ልጅ ይዞ መንዳት ሌላ ሥራ ነው። ብዙ ቤት ግን ሁለተኛው የሚጀመረው በወሬ መሃል ነው። «መንጃ ፈቃድ አለሽ አይደል? እስኪ ዛሬ ብቻ ከትምህርት ቤት አምጪያቸው።» ያ «ዛሬ ብቻ» ሳይታሰብ የዘወትር ሥራ ይሆናል። ደመወዙ ያው፣ ውሉም ያው። እኔ የምለው፣ ከመጀመሪያው ጉዞ በፊት ተነጋገሩና ጻፉት ነው።

ከኢንሹራንስ ልጀምር፤ ሰው የሚረሳው እሱን ነዋ። መኪናው የእናንተ ከሆነ ሞግዚቷ በአሽከርካሪነት መመዝገብ ይኖርባት እንደሆነ ኩባንያውን ጠይቁ። አንዳንዱ ውል ባለቤቱ የፈቀደለትን ሰው ይሸፍናል፤ አንዳንዱ ስሙ ያልተጻፈን አያውቅም። መኪናው የእሷ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። ለግል ተብሎ የተገባ ኢንሹራንስ ለሥራ የሚደረግ ጉዞን ላይሸፍን ይችላል። መልሱን በስልክ ሰምታችሁ አትለፉ፤ በጽሑፍ ተቀበሉ።

በራሷ መኪና የምትነዳ ከሆነ ነዳጅ መሙላት ብቻ አይበቃም። ጎማ ያልቃል፣ ዘይት ይቀየራል፣ የፍሬን ሸራ ይበላል። በኪሎ ሜትር ተስማሙ፤ ለሥራ የነዳችውን እየመዘገበች ትቀበል። የፍጥነት ቅጣት የነጂው ነው። ፓርኪንግ የአሠሪው። መኪናው ቢጫርስ? በሥራ ላይ ሳለች ከሆነ፣ ኢንሹራንሱ የማይከፍለውን አሠሪው ቢችል ይሻላል ባይ ነኝ። «ከደመወዝሽ እቆርጣለሁ» የሚባልበት ቤት ግጭት ይደበቃል። የተደበቀ ግጭት ደግሞ መኪናው ውስጥ የሚታሰረውን የልጁን ወንበር ጎድቶት ሊሆን ይችላል።

ወንበሩን ካነሳን፣ መግዛቱ የወላጅ ድርሻ ነው፣ መኪናው የማንም ይሁን። ቀበቶው በሚያልፍበት በኩል ይዛችሁ ነቅንቁት፤ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሄደ አልጠበቀም። ልጁ ከታሰረ በኋላ ትከሻው ላይ ያለውን ማሰሪያ በሁለት ጣት ቆንጥጡት። ከታጠፈላችሁ ላልቷል። ወፍራም ጃኬት ከማሰሪያው ሥር አይለበስም፤ ከላይ ጣል ይደረግለት። የልጁን ፊት ወደ ኋላ የሚያዞር ወንበር ደግሞ ኤርባጉ፣ ማለትም በግጭት ጊዜ የሚነፋው የአየር ከረጢት፣ በሚሠራ የፊት መቀመጫ ላይ በጭራሽ አይታሰርም። ይህን ሁሉ በቃል ነግሮ መሄድ አይሆንም። ሞግዚቷ ራሷ ትሰረው፣ ራሷ ትፍታው፤ እናንተ ቆማችሁ እዩ።

ልጅን መኪና ውስጥ ትቶ «አንዴ መጣሁ» ማለት የለም። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና የውስጥ ሙቀቱ በ10 ደቂቃ ብቻ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሊጨምር ይችላል። ዕቃው ይቅር፣ ወይም ልጁ አብሮ ይውረድ።

እናንተም ብትሆኑ እየነዳች መሆኗን እያወቃችሁ «የት ደረሳችሁ?» ብላችሁ አትደውሉ። እኛው እየደወልን፣ ስልክ አነሳች ብለን እኛው እንቆጣለን! ስትደርስ ትጽፍላችኋለች። ሌሊቱን የታመመ ልጅ ስታስታምም አድራ ከሆነ «ዛሬ አልነዳም» ማለት ትችል። ልጁ አልታሰርም ብሎ ቢያለቅስም መኪናው አይነሳም። ልጁ ትምህርት ቤት ቢያረፍድ ወቀሳው እሷ ላይ እንዳይሆን፣ ይህንንም ውሉ ላይ አስገቡት።

ወንበራችሁን የምትጠራጠሩ ካላችሁ፣ ከዚህ ስንወጣ መኪናችሁ ጋ ሄደን አብረን እንነቀንቀዋለን። አመሰግናለሁ።