ዕጣው የማይወጣለት ዕቁብተኛ፦ «ዘ አፓርትመንት»ን ዳግም ስናየው

ሰላም ሰላም! ዛሬ ወደ 1960 እንመለሳለን። በፈረንጅ አቆጣጠር ነው እሺ፣ ደግሞ ኮሜንት ላይ እንዳንጣላ።

ፊልሙ የቢሊ ዋይልደር «ዘ አፓርትመንት» ነው። ታሪኩን አብዛኞቻችሁ ስለምታውቁት በሩጫ ልለፈው። ባክስተር ኒውዮርክ ውስጥ ትልቅ የኢንሹራንስ ኩባንያ ተቀጣሪ ነው። ላጤ ነው። አለቆቹ ሚስት አላቸው፤ ሌላም አላቸው። እሱ የቤቱን ቁልፍ ያውሳቸዋል፣ እነሱ ዕድገት ቃል ይገቡለታል። በቃ።

እኔ ይህን ፊልም ባየሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ምን መሰላችሁ? ዕቁብ። አትሳቁ፣ ስሙኝማ! አራት አለቆች አሉ። ተራ አላቸው። ዛሬ የእገሌ፣ ነገ የእገሌ። ጸሐፊው ማነው? ባክስተር። ዳኛውስ? ባክስተር። ቤቱ የማን ነው? የባክስተር! ዕጣው ግን ለእሱ አይወጣም። አንድ ሌሊት ገና እንቅልፍ ሊወስደው ሲል ተቀስቅሶ ይወጣል፤ ሴንትራል ፓርክ አግዳሚ ወንበር ላይ ያድራል። ጉንፋን ያዘው። በማግስቱ ቢሮ ቁጭ ብሎ፣ ቴርሞሜትር አፉ ውስጥ ሰክቶ፣ «ዛሬን እንኳ ቤቴ ልተኛ» ብሎ ስልክ ይዞራል። የአንዱን ቀን ለማዛወር የሌላው መዛወር አለበት። ያኛውን ለማዛወር ደግሞ የሌላው። ሰውዬው በገዛ አልጋው ለመተኛት የሰው ፈቃድ ይለምናል! ባክስተርን የሚጫወተው ጃክ ሌመን እዚህ ጋ ያስቀኛል፣ ከዚያ ደግሞ ያሳፍረኛል።

ኋላ ሼልድሬክ የሚባለው ትልቁ አለቃ ይመጣና ዕቁቡን ብቻውን ይጠቀልለዋል። ጠቅላይ ዕቁብተኛ!

እሺ፣ አንድ ነገር። ይህን ፊልም ባነሳሁ ቁጥር «ያኔ ቀለም ስላልነበረ ነው ጥቁርና ነጭ የሆነው» የምትሉኝ አላችሁ። ኧረ ተዉ! «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» በ1939 ባለቀለም ነው። ራሱ ዋይልደር በ1955 «ዘ ሰቨን ይር ኢች»ን የሠራው በቀለም ነው። ቀለም ነበረ፣ ሰውዬው አልፈለገውም። እስቲ ያንን ቢሮ በቀይና በቢጫ አስቡት። ልደት ቤት ይመስል ነበር። ለነገሩ ኦስካርም አልከለከለውም፤ 10 ጊዜ ታጭቶ 5 ወስዷል፣ ምርጥ ፊልምን ጨምሮ። አሁን ተግባብተናል? ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ ቅጣት ነው።

ቢሮውን ካነሳን፣ ያ ማለቂያ የሌለው የጠረጴዛ ሰልፍ የዓይን ማታለያ ነው። ፊት ለፊት መደበኛ ጠረጴዛ፣ ወደ ኋላ እያነሰ የሚሄድ ጠረጴዛ፣ አጫጭር ሰዎች። ዓይናችሁ ርቀት ነው ብሎ ያምናል። ቀጥለን እንሂድ።

መስታወቷ! የፍራን፣ የሊፍት ሠራተኛዋ። ሸርሊ ማክሌን ናት የምትጫወታት። ባክስተር ቤቱ ውስጥ የተሰነጠቀ የሴት መስታወት አግኝቶ ለሼልድሬክ መልሷል። የማን እንደሆነ አያውቅም። በገና ዋዜማ ግብዣ ላይ አዲስ ባርኔጣ አድርጎ «እንዴት ነኝ?» ይላታል። እሷ ቦርሳዋን ከፍታ መስታወት ትሰጠዋለች። ስንጥቁን ያያል። ፊቱ ለሁለት ተከፍሎ ያየዋል። ማንም ምንም አላስረዳውም፣ ሙዚቃ አልጮኸም። የሚወዳት ልጅ ከሼልድሬክ ጋር ቤቱ የምትመጣዋ ሴት መሆኗን አወቀ። እኔ እዚህ ጋ ሁሌም ፖዝ አደርጋለሁ፣ ሻይ ላፈላ ነው እያልኩ።

በአዲስ ዓመት ዋዜማ ሼልድሬክ እንደለመደው ቁልፍ ይጠይቃል። ባክስተርም ይሰጠዋል። የአለቆችን ሽንት ቤት ቁልፍ! ዕቁቡ ፈረሰ።

የመጨረሻዋን የካርታ ጨዋታ ላላዩት አልናገርም። መሳሳም ግን የለም፣ እንዳትጠብቁ።