ውሃ ስለመጣ ብቻ አበባ አይጠጣም

ዳዊት፦ ጤና ይስጥልን፣ አድማጮቻችን። ከጎንደር፣ ከዚህች ጠባብ ክፍላችን ሆነን ነው የምናነጋግራችሁ። ዛሬ የያዝኩት ወሬ የኀዘን ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ የኖረችው ሐረጌ ባለፈው ሳምንት አረፈች።

ጥሩወርቅ፦ አረፈች አትበል። ገደልካት።

ዳዊት፦ እትዬ ጥሩወርቅ፣ ገና ለአድማጭ ሰላምታ እንኳን አላቀረቡም እኮ።

ጥሩወርቅ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ወገኖቼ። ገድሏታል። ከነአፈሯ አስመጥቼ ሥሯን አይቻለሁ። ጤነኛ ሥር ነጣ ያለ ነው፣ በጣት ሲይዙትም ጠንከር ይላል። የእርሷ ግን ጠቁሮ እንደ በሰለ ጎመን እጄ ላይ ቀረ። ሽታው ደግሞ የረጋ ኩሬ ሽታ። ይህች ተክል በውሃ ጥም አልሞተችም፤ ሰጥማ ነው የሞተችው።

ዳዊት፦ እኔ እኮ ቅጠሏ ሲጠወልግ አይቼ ነው የጨመርኩት። ጠምቷት ነው አልኩ፣ አንድ ጆግ አፈሰስኩላት። በማግስቱ ብሶባት አገኘኋትና አንድ ጆግ ደገምኩ።

ጥሩወርቅ፦ አየህ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ አንተን ብቻ አልወቅስም። ሥር ውሃ ብቻ ሳይሆን አየርም ይፈልጋል። አፈር ውስጥ ጥቃቅን ክፍተቶች አሉ። ስናጠጣ በውሃ ይሞላሉ፣ ውሃው ሲንጠፈጠፍ ደግሞ አየር ይገባባቸዋል። ሁልጊዜ በውሃ እንደተሞሉ ከቆዩ ሥሩ ኦክስጅን አጥቶ ይታፈናል፣ ከዚያም ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውሃ መምጠጥ አይችልም። ስለዚህ ሐረግህ ውሃ ውስጥ ቆማ ተጠማች። ላይ ላዩን ስታያት ከደረቀች ተክል ጋር አንድ ናት፤ ሁለቱም ይጠወልጋሉ።

ዳዊት፦ ታዲያ ሁለቱን በምን እንለያቸዋለን?

ጥሩወርቅ፦ አፈሩን በመንካት። ቅጠሉ ጠውልጎ አፈሩ ከደረቀ ጠምቶታል፣ አጠጣው። ቅጠሉ ጠውልጎ አፈሩ እርጥብ ከሆነ ግን ጆጉን አስቀምጥና እጅህን ሰብስብ። የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ እየሆኑ ከረገፉ፣ ከአፈሩ ላይ ትንንሽ ጥቁር ዝንቦች የሚነሱ ከሆነም አፈሩ ፋታ አላገኘም ማለት ነው።

ዳዊት፦ አንድ ተቃውሞ አለኝ። ጎረቤቴ ያችኑ ዓይነት ሐረግ ጠርሙስ ውስጥ አድርጋ በውሃ ብቻ ነው የምታሳድጋት። አፈር የሚባል ነገር የለም። የእርሷ እንደ ልጅ ታድጋለች፣ የእኔ በአንድ ጆግ ትሞታለች?

ጥሩወርቅ፦ ይህን ጥያቄ ወድጄዋለሁ። ውሃ ውስጥ የበቀለ ሥር ከመጀመሪያው ለውሃ ኑሮ ሆኖ የወጣ ነው፤ ውሃው ውስጥ በሟሟው ኦክስጅን ይተዳደራል። ጎረቤትህም ውሃውን በየጊዜው እየቀየረች ይሆናል። የአንተ ሐረግ ሥር ግን አፈር ውስጥ፣ አየር እየሳበ ያደገ ነው። በድንገት ሲያሰጥሙት አይችለውም። ይልቅ ጎረቤትህን አንድ ቅርንጫፍ ለምናት፤ ቅጠሉ የሚወጣበትን አንጓ ውሃ ውስጥ ከነከርከው ሥር ያወጣልሃል።

ዳዊት፦ እሺ፣ አሁን ንስሐ ልግባ። እኔ ሳጠጣ አፈሩን አይቼ አላውቅም። የማየው ቧንቧውን ነው። በእኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ውሃ የመጣ ዕለት ጄሪካኑ ይሞላል፣ በርሜሉ ይሞላል፣ ልብስ ይታጠባል፣ ቤት ይወለወላል። በዚያው ግርግር አበባውም ድርሻውን ያገኛል።

ጥሩወርቅ፦ ይኸው ወጣ! እኔ ራሴ ስንት ዓመት ያደረግሁትን ነው የነገርከኝ። ውሃ ሲመጣ ቤቱ ድግስ ይመስላል። «ጠጡ፣ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም» እያልን ለጠማውም ላልጠማውም እኩል እንቀዳለን። ከዚያ ውሃው ሲጠፋ ደግሞ አሥር ቀን ዞር ብለን አናያቸውም። አበባው የሚኖረው በራሱ ጥም ሳይሆን በቧንቧው ፈረቃ ነው። ትርፍ ውሃ ካለህ በርሜል ውስጥ አስቀምጥ፤ ቫዞ በርሜል አይደለም።

ዳዊት፦ ከበርሜል የተቀዳ የቆየ ውሃ አይጎዳቸውም?

ጥሩወርቅ፦ እንዲያውም ይስማማቸዋል። ከቧንቧ እንደወጣ ቀዝቃዛ ነው፤ ሲያድር የቤቱን ሙቀት ይይዛል። ክፍት ሆኖ ካደረም የክሎሪኑ ሽታ ይቀንስለታል። ስለዚህ ፈረቃው ራሱ ክፋት የለውም። ክፋቱ የውሃውን ቀንና የማጠጫውን ቀን አንድ ማድረጋችን ነው።

ዳዊት፦ እንግዲያው ማጠጫው ቀን መቼ ነው? በሳምንት አንዴ? ሁለቴ?

ጥሩወርቅ፦ ቀን ቆርጬ አልነግርህም። አንዲት ተክል መስኮት አጠገብ ስትሆንና ጨለማ ጥግ ስትቀመጥ የምትጠጣው መጠን አንድ አይደለም፤ ብርሃን ባገኘች መጠን ትጠጣለች። የአንተዋ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ነበረች፣ ከዚያ ላይ ጆግ በጆግ! ጣትህን እስከ መጀመሪያው አንጓ፣ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ አፈሩ ውስጥ አስገባ። እርጥበት ከተሰማህ ተመለስና ሌላ ቀን ና። ላዩን ብቻ አይተህ አትፍረድ፤ ላዩ ደርቆ ሆዱ ጭቃ የሆነ ስንት አለ። ማስቀመጫው ትልቅ ከሆነ ደረቅ የእንጨት ስንጥር ውጋበት። ድፎ ዳቦ መብሰሉን እንደምናየው ነው፤ ስንጥሩ አፈር ይዞ እርጥብ ሆኖ ከወጣ ገና ነው።

ዳዊት፦ እርስዎ ግን ጣት ሲያስገቡ አይቼዎት አላውቅም።

ጥሩወርቅ፦ እኔ አነሳዋለሁ። ጀበና ውስጥ ቡና መቅረቱን በምን ታውቃለህ? ክዳኑን ከፍተህ ታያለህ? ብድግ ስታደርገው እጅህ ይነግርሃል። ቫዞም እንዲሁ ነው። አንድ ቀን በደንብ አጠጣና አንሳው፣ ክብደቱን እጅህ ይያዘው። ሲደርቅ ደግሞ አንሳው። ልዩነቱን አንዴ ካወቅኸው ጣትህን ማቆሸሽ አያስፈልግህም። ለትልልቆቹ ግን አይሆንም፣ ወገብህን ትጎዳለህ።

ዳዊት፦ ቫዞ ካነሳን፣ እዚሁ ጎንደር አጠገብ ካለችው ከወለቃ መንደር የገዛኋት የሸክላ ማሰሮ አለች። እርሷ ላይ የተከልኩት ቶሎ ቶሎ ይደርቃል። የላስቲኩ ግን ሳምንት ሙሉ እርጥብ ነው።

ጥሩወርቅ፦ ሸክላ ይተነፍሳል። ግድግዳው ራሱ እርጥበት እየሳበ ያወጣል። እንዳንተ እጁ ውሃ ለማፍሰስ ለሚቸኩል ሰው የወለቃ ሸክላ መድኃኒት ነው፤ ስህተትህን ይሸፍንልሃል። ማጠጣት ለሚረሳ ሰው ደግሞ ላስቲኩ ይሻላል። ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን የወተት ቆርቆሮና የዘይት ባልዲ ታችው ሳይበሳ የሚተከልበት ነገር ነው። ቀዳዳ ከሌለው ውሃው ወዴት ይሂድ? ምስማር አግለህ አራት አምስት ቦታ ብሳው። ከታች ሰሃን አድርግና እስኪንጠፈጠፍ ድረስ አጠጣው፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተህ ሰሃኑ ላይ የቀረውን ድፋው።

ዳዊት፦ እስኪንጠፈጠፍ? እኔ ከእንግዲህ በጥቂት በጥቂቱ ልሰጣቸው ነበር ያሰብኩት።

ጥሩወርቅ፦ እርሱም ስህተት ነው። በሲኒ በሲኒ ስትሰጥ ላዩ ብቻ ይርሳል፣ ሥሩም ውሃ ፍለጋ ወደ ላይ ይሰበሰባል። ስታጠጣ ከልብህ አጠጣ፣ ከዚያ ተዋት። ጨርሶ ደርቆ ከማስቀመጫው ጠርዝ የተላቀቀ አፈር ካጋጠመህ ግን ከላይ ብታፈስበት ውሃው በጎን በጎን ወርዶ በታች ይወጣል፣ አንተም ጠጣ ብለህ ትሸወዳለህ። እንዲህ ዓይነቱን ሳፋ ላይ ውሃ አድርገህ ከነማስቀመጫው አስቀምጠው። ከታች እየሳበ ላዩ እስኪርስ ድረስ ይጠጣል።

ዳዊት፦ ኢንተርኔት ላይ አንድ ምክር አንብቤ ነበር፤ «በክረምት ውሃ ቀንሱ» ይላል።

ጥሩወርቅ፦ ማን ጻፈው? አውሮፓ ያለ ሰው ከሆነ የእርሱ ክረምት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ነው። ቀኑ ያጥራል፣ ብርሃን ይጠፋል፣ ተክሉ ማደግ ያቆማል። ጎንደር ላይ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ነው። እኛ ጥር ላይ ፀሐይ አለን፣ አየሩ ደረቅ ነው፣ አፈሩ ቶሎ ይደርቃል። በእርሱ ወር ቆጥረህ ብትቀንስ ታደርቃቸዋለህ።

ዳዊት፦ የእኛ ክረምት ላይስ?

ጥሩወርቅ፦ ሐምሌና ነሐሴ ላይ አዎ፣ ቀንስ። ሰማዩ በደመና ይሸፈናል፣ ቤቱ ሁሉ ይረጥባል፣ አፈሩ አልደርቅ ይላል። እንግዲህ ምክሩ ለእኛም ክረምት ይሠራል፣ ግን በሌላ ወርና በሌላ ምክንያት። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ደግሞ በሳምንት የነበረው በሦስት ቀን ሊሆን ይችላል። ጣትህ ይነግርሃል ብዬሃለሁ።

ዳዊት፦ አያቴ ደግሞ የቡና አተላ ታፈስባቸዋለች።

ጥሩወርቅ፦ አልፎ አልፎ ጥቂት ብታደርግ ግድ የለም። በየቀኑ ከሆነ ግን አተላው ደርቆ ላዩ ላይ እንደ ቅርፊት ይጋገራል፣ ውሃም አየርም ያግዳል። ቡና ካነሳህ አይቀር፣ ስለ ጤና አዳም ልናገር። ቤት ውስጥ ከምተክላቸው ሁሉ የምወዳት እርሷን ነው፣ ስኒው ላይ ጣል የማደርጋት ከራሴ መስኮት ቀጥፌ ነው። ጤና አዳም ደረቅ መሬትና ፀሐይ የምትወድ ናት። አንጀቴ አልችል ብሎ ሳጠጣት ሁለት ጊዜ ገድያታለሁ። አሁን አፈሩ ወደ ውስጥ ዘልቆ ካልደረቀ አልነካትም፣ ሽታዋም ጠንክሯል። አጠገቧ ያለው በሶብላ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ጥቂት ከደረቀ ወዲያው አንገቱን ይደፋል። ሁለቱን በአንድ ማስቀመጫ የሚተክል ሰው አንዱን ለመቅበር የተዘጋጀ ነው።

ዳዊት፦ ሳንሰቬሪያና እሬትስ?

ጥሩወርቅ፦ እነርሱ ውሃቸውን ቅጠላቸው ውስጥ ያጠራቅማሉ። ሦስት ሳምንት ረስተሃቸው ብትመለስ አይቀየሙህም። ላንተ የሚሆኑት እነርሱ ናቸው።

ዳዊት፦ የፋሲል መዋኛን ግድግዳ ያቀፉት ዛፎችም ይህን ሳያውቁ አልቀሩም። ገንዳው የሚሞላው ለጥምቀት ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ደርቆ እያዩት እነርሱ ለምልመዋል።

ጥሩወርቅ፦ እነርሱ ሥራቸውን በድንጋዩ መሐል ሰድደው መሬት ያገኙ ናቸው። ያንተዋ ሐረግ ያላት አንድ ቫዞ አፈር ብቻ ነበር፣ እርሱንም ኩሬ አደረግህባት። ቆይ፣ ይህ የሚንኮራኮረው ምንድን ነው?

ዳዊት፦ ቧንቧው ነው። አየር እያወጣ ነው... ውሃ መጣ!

ጥሩወርቅ፦ ጄሪካኑን አቀብለኝ። በርሜሉንም ክፈተው።

ዳዊት፦ መስኮቱ ላይ ላሉትስ ልቅዳላቸው?

ጥሩወርቅ፦ ጠዋት አንስቻቸዋለሁ፣ ከብደዋል። አንተ በርሜሉን ሙላ።