ሳንቆጥር በሩን አንዝጋ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ አባቶችና እናቶች፣ እንኳን በደህና መጣችሁ! የደብረ ብርሃን የጠዋት ብርድ ሳይበግራችሁ፣ ሥራ አቁማችሁ ስለተገኛችሁ አመሰግናለሁ። ባጃጅ ለግማሽ ቀን ሲቆም ምን እንደሚያጎድል ስለምታውቁ ንግግሬን አላረዝምም። እንዲህ ብሎ ያላረዘመ ሊቀመንበር ባላይም ልሞክር።

የዓመቱን የሥራና የሒሳብ ሪፖርት ጸሐፊያችንና ኦዲተሩ ያቀርቡታል። የእኔ ጉዳይ አንድ ነው።

ብዙዎቻችሁ የፈረማችሁበት ወረቀት እዚህ ኪሴ ውስጥ አለ። አዲስ የባጃጅ ፈቃድ መስጠት ይቁም የሚል ነው። ምክንያቱ ይገባኛል። ዩኒቨርሲቲው በ1999 ዓ.ም. ሲከፈት፣ በኋላም የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2011 ዓ.ም. ሲመረቅ ከተማችን ሰው በሰው ሆነች፤ ከየአቅጣጫው ተፈናቅሎ የመጣውም ወገን ተጨመረ። ሥራ ያጣ ወጣት ሁሉ መሪ ጨበጠ። ተራ ይዞ ሲያንጎላጅ ውሎ የባለንብረቱን የቀን ሒሳብ ሳይሞላ ቤቱ የሚገባ ሾፌር ዛሬ ከፊቴ ተቀምጧል።

ቢሆንም ይህን ወረቀት እንዳለ ይዤ ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ለመግባት እግሬ እምቢ አለኝ።

ባለፈው ክረምት፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ከጠባሴ ሰፈር ወጣ ብሎ አንዲት እናት የታመመ ልጇን በጋቢ ጠቅልላ መንገድ ዳር ቆማ አገኘኋት። እኔ እስክደርስ አንድም ባጃጅ አላለፈም። በዚያው ቦታ እኩለ ቀን ላይ ብትቆም ኖሮ ስምንት ዘጠኝ ባጃጅ «የት ነው እናቴ?» እያለ ይከባት ነበር። በቀን ተርፈን ማታ እንጎድላለን። ታዲያ በዝተናል ወይስ አንሰናል? እኔ መልሱን አላውቀውም፤ ይህን ወረቀት የፈረማችሁትም አታውቁትም፤ ቆጥረን አናውቅማ።

ለዛሬ ስዘጋጅ የሌላውን አገር ልምድ ጥቂት አንብቤያለሁ። እንግሊዝ ውስጥ ከለንደን ውጭ ያለ የአካባቢ ምክር ቤት በየመንገዱ ተሳፋሪ የሚያነሣውን ታክሲ ቁጥር መገደብ ይችላል። ነገር ግን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1985 የወጣው የትራንስፖርት ሕግ አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጦበታል፦ ምክር ቤቱ ቁጥሩ በዝቷል ብሎ ፈቃድ የሚከለክለው ታክሲ አጥቶ የሚጉላላ ጉልህ ቁጥር ያለው ተሳፋሪ እንደሌለ ካረጋገጠ ብቻ ነው። ስለዚህ ባለሙያ ተልኮ የታክሲ ማቆሚያው ላይ ይቆማል፤ ታክሲው ስንት ደቂቃ ተሳፋሪ እንደጠበቀ፣ ተሳፋሪውም ስንት ደቂቃ ታክሲ እንደጠበቀ ይመዘግባል። አሽከርካሪዎቹ «ተጎዳን» ስላሉ ብቻ በሩ አይዘጋም። ደግሞ እዚያው፣ በስልክ ተጠርቶ የሚሄደውን ተሽከርካሪ ቁጥር ምክር ቤቱ መገደብ አይችልም። እኛም ዘንድ የራሳችንን ፈቃድ ዘግተን፣ ከሌላ ወረዳ የሚገባውን ባጃጅና ሰው የሚጭነውን ሞተር ብንተወው፣ በአንድ በኩል ብቻ የታጠረ ግቢ ይሆንብናል።

የባሰው የኒውዮርክ ነገር ነው። እነሱ የታክሲውን ቁጥር በሕግ የዘጉት በዚያው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1937 ነው። ፈቃዱ የብረት ሰሌዳ ሆኖ መኪናው ላይ ይለጠፋል፤ ይሸጣል፣ ይለወጣል፣ ይከራያል። በተዘጋ በር ውስጥ ያለ ነገር ዋጋው ሰማይ መንካቱ አይቀርምና በ2014 አንዱ ሰሌዳ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ደረሰ። መኪናው አይደለም፣ ሰሌዳው! ብዙ ስደተኛ ሾፌር ተበድሮ ገዛ። በስልክ የሚጠሩት መኪኖች ከተማውን ሲያጥለቀልቁ ዋጋው ተንኮታኮተ፤ ዕዳው ግን እንዳለ ቀረ። በዕዳ ተጨንቀው ራሳቸውን ያጠፉ ሾፌሮች ነበሩ። በ2021 የረሃብ አድማ ከተመታ በኋላ ነው የዕዳ ቅነሳ የተገኘው።

ይህን ሩቅ አገር የማነሣው እዚሁ፣ እኛው ሻይ ቤት፣ «ከተዘጋ የእኔ ታርጋ ወርቅ ይሆናል» ሲባል በጆሮዬ ስለሰማሁ ነው። ማን እንዳለ አልናገርም፤ ራሱ ያውቀዋል፣ ዛሬም መጥቷል። (ሳቅ ይፈቀዳል።) ግን እስቲ ሒሳቡን እናስላው። በሩ ሲዘጋ የሚጠቀመው ታርጋ ያለው ነው። ታርጋ የሌለው፣ ከሰው ተቀብሎ የሚነዳው ልጅስ? ባለንብረቱ «አንተ ባትነዳ ሌላ ሞልቷል፣ ባጃጅ ግን የለም» ብሎ የቀን ሒሳቡን ይጨምርበታል። ወረቀቱ ላይ ከፈረሙት ውስጥ ሾፌሮቹ እንደሚበዙ አይቻለሁ። በገዛ እጃቸው የፈረሙት በራሳቸው ላይ እንዳይሆን እፈራለሁ።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። መጀመሪያ፣ አንድ ሳምንት ሙሉ፣ የገበያውን ቀን ጨምሮ፣ በየተራው ላይ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት እንቁጠር። ተራ አስከባሪዎቻችን ደብተር ይያዙ፤ በየግማሽ ሰዓቱ የቆመ ባጃጅ ስንት ነው፣ የቆመ ተሳፋሪ ስንት ነው? በዝተን ከተገኘን ወረቀቱን ይዤ ቀድሜ የምገባው እኔ ነኝ። ቀን በዝተን ማታ አንሰን ከሆነ ግን መፍትሔው የማታ ተረኛ መመደብ እንጂ ፈቃድ መከልከል አይደለም።

ሁለተኛው ከበድ ይላል። ገደብ የምንጠይቅ ከሆነ፣ ሥራውን የተወ ሰው ፈቃዱን ለከተማው ይመልስ፣ አይሽጠው የሚለውን ሐሳብ እኛው ራሳችን እንጨምርበት። ይህን ስል ፊታቸውን ያጠቆሩ አያለሁ። ምንም አይደለም፤ ከሻይ በኋላ ዕድሉ የእናንተ ነው፣ እስኪመሽ ተከራከሩኝ።

ደብተሮቹ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ናቸው። የተራ አስከባሪዎች ስትወጡ አንድ አንድ ውሰዱ፤ እስክሪብቶ ግን ከየቤታችሁ ነው፣ የማኅበሩ ካዝና ለምን እንዳልቻለ ኦዲተሩ አሁን ይነግራችኋል። ጉባኤው ተከፍቷል።