ገመዱን መጀመሪያ ስክሪን ላይ ቁረጡት

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ሲሙሌሽን ላይ፣ ማለትም ኮምፒውተር ላይ ሥለን ስንሞክረው፣ ጥርት ብሎ ሠርቶ፣ ሕንጻው ውስጥ ሲገባ ስላስቸገረኝ አንድ ኔትወርክ ላውራችሁ።

ሦስት ፎቅ ነው፤ ስድስት ስዊች፣ ኮምፒውተሮቹን በገመድ የሚያገናኙት ሳጥኖች። አንዱ ገመድ ቢበጠስ ሥራ እንዳይቆም ብዬ ትርፍ መስመር ጨመርኩና ክብ አደረግኩት። ኢተርኔት፣ ስዊቾቹ በገመድ የሚነጋገሩበት ዘዴ፣ ደግሞ ክብ አይወድም። አይፒ ፓኬት በምንለው የኢንተርኔት የመረጃ ጥቅል ላይ ዕድሜውን የሚቆጥር ቁጥር አለ፤ የኢተርኔቱ ጥቅል፣ ፍሬሙ ላይ ግን የለም። አንድ ብሮድካስት፣ ለሁሉም የሚላክ መልእክት፣ ክቡ ውስጥ ከገባ እየዞረ፣ እየተባዛ ሁሉንም አንቆ ይይዛል። ይህን የሚከላከልልን የኮምፒውተር ሳይንቲስቷ ራዲያ ፐርልማን በ1985 እ.ኤ.አ. የነደፈችው ስፓኒንግ ትሪ ነው። ስዊቾቹ ከመካከላቸው አንድ አለቃ ይመርጣሉ፤ ሩት ብሪጅ የምንለውን። ከዚያ ትርፉን መስመር ይዘጉታል።

ፓኬት ትሬሰር በሚባለው የሲሙሌሽን ፕሮግራም ላይ ሣልኩት። ከተዘጋው ትርፍ መስመር በቀር ገመዶቹ ላይ ያሉት ብርቱካናማ ነጥቦች አረንጓዴ ሆኑ። ፒንግ አደረግኩ፣ ከወዲያ ጫፍ ያለውን ኮምፒውተር «አለህ?» አልኩት፤ መለሰ። በቃ ብዬ ሥራውን አስረከብኩ።

ሳምንት ሳይሞላ ተደወለልኝ። «ወንድሜ፣ ሲስተሙ እየተንቀራፈፈብን ነው።»

ሄጄ ሳይ አለቃ የሆነው ምድር ቤት፣ ዕቃ ክፍል ውስጥ አቧራ የለበሰ አሮጌ ስዊች ነው። አለቃው የሚመረጠው ፕራዮሪቲ በሚባል ቁጥር ነው፤ ትንሹ ያሸንፋል። ካልነካችሁት ሁሉም 32768 ነው። እኩል ሲሆኑ ትንሹ ማክ አድራሻ፣ ፋብሪካው የሰጠው መለያ ቁጥር፣ ያሸንፋል፤ ትንሹ ደግሞ ብዙ ጊዜ የአሮጌው ነው። ላይኞቹን ፎቆች የሚያገናኘው ፈጣን መስመር ተዘግቶ፣ ትራፊኩ እስከ ምድር ቤት ወርዶ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ብቻ በሚያሳልፍ ፖርት፣ የገመድ መሰኪያ፣ ይመለስ ነበር። ሲሙሌሽኑ አልዋሸኝም። ስድስቱንም አንድ ዓይነት አዲስ ስዊች አድርጌ የሣልኳቸው እኔ ነኝ።

ማታውኑ እንደገና ሣልኩ፤ አሮጌውን ከነፍጥነቱ። ለላይኛው ስዊች ፕራዮሪቲ 4096 ሰጠሁት። ከዚያ ፒንጉን ሳላቋርጥ አንዱን ገመድ ቆረጥኩ።

ጠበቅኩ። በድሮው ስፓኒንግ ትሪ የተዘጋው ፖርት 15 ሰከንድ ያዳምጣል፣ 15 ሰከንድ ይማራል። ገመዱ የተበጠሰው ከእሱ ርቆ ከሆነ ከዚያ በፊት እስከ 20 ሰከንድ ይጠብቃል። ለእኛ 50 ሰከንድ ነው፤ መስኮቱ ጋ ወረፋ ለያዘው ሰው ግን «ሲስተም የለም» ነው። ራፒዱን፣ ፈጣኑን አዲስ ስፓኒንግ ትሪ፣ አብርቼ ደገምኩት። የወደቀው ፒንግ በጣት የሚቆጠር ነው።

ከዚያ ወዲህ ሲሙሌሽን የምከፍተው ለመስበር ነው። ገመድ እነቅላለሁ፣ አለቃውን አጠፋለሁ፣ ከግድግዳ ግድግዳ የተሳሳተ ገመድ እሰካለሁ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የትኛው ስዊች ቀድሞ እንደሚነሳ ግን ስክሪኑ አይነግረኝም፤ እሱን ቦታው ላይ ቆሜ ነው የማየው።

ነገ አንድ ክሊኒክ እሄዳለሁ። መጀመሪያ የእያንዳንዱን ስዊች ሞዴል እያነበብኩ እመዘግባለሁ። ሥዕሉ ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ የምቆርጠው የላቦራቶሪውን ገመድ ነው።