ትራይፖድ ስትመርጡ ቁመቱን እርሱት

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ እኔና ማይኩ ብቻ ነን። የመኪና ጥሩምባ ከሰማችሁ አራት ኪሎ ነው፣ መስኮቱን ብዘጋውም ያው ነው።

ለጉዞ የሚሆን ትራይፖድ፣ ማለትም ባለሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ፣ የትኛውን ልግዛ የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። ጥያቄው ሁልጊዜ ሁለት ቁጥር ይዞ ነው የሚመጣው፦ ስንት ሜትር ይቆማል፣ ስንት ኪሎ ይሸከማል። እኔ ደግሞ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች መጨረሻ ላይ ነው የማያቸው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ትንሽ ዞር ብዬ ስለምመጣ ታገሡኝ።

ከብርሃኑ ልጀምር። ያለነው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ነው። ፀሐይ እዚህ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው፣ ዘወር ስትሉ የለችም። ሰማዩ ገና ሰማያዊ ሆኖ፣ የመንገዱና የሕንፃው መብራት ደግሞ በርቶ፣ ሁለቱ የሚመጣጠኑባት ጊዜ አለች አይደል? አዲስ አበባ ላይ እሷ 20 ደቂቃ ብትሆን ነው። ለንደን ላይ በሰኔ ከ40 ደቂቃ በላይ ትቆያለች። እና የምናያቸው የዩቲዩብ መምህራን እዚያ ሆነው ነው የሚያስተምሩን። ሰውዬው እግሩን አንድ በአንድ ይዘረጋል፣ ውኃ ልኩን ያስተካክላል፣ ቡናውን ይጠጣል። እዚህ ቢሆን መስቀል አደባባይ ላይ ያን ሁሉ ሲጨርስ ጨልሞበታል።

ሌላው ጥበቃዎች ናቸው። መሀል ከተማ ላይ በስልክ ቀኑን ሙሉ ብትቀርጹ ማንም ዞር ብሎ አያያችሁም። ሦስት እግር መሬት ላይ ስትተክሉ ግን ነገሩ ይቀየራል። «እህቴ፣ ፈቃድ አለሽ?» ይመጣል። ዕድሜው ገፋ ያለ ከሆነ ደግሞ «ልጄ፣ እዚህ አይቻልም፣ በኋላ እኔን ነው የሚጠይቁኝ» ይላል። እውነቱን ነው፣ ታዞ ነው። «እሺ ጋሼ፣ አንዷን ብቻ አንስቼ ልሂድ» ስል ብዙዎቹ እሺ ይሉኛል። አንዷ ማለት ግን አንዷ ናት። በነገራችን ላይ፣ ሳትዘረጉ በፊት ሄዶ ሰላም ማለት ከዘረጉ በኋላ ከመከራከር ይሻላል፤ ይሄ ከየትኛውም ዕቃ ይበልጣል።

ስለዚህ ለእኔ የመጀመሪያው መለኪያ፣ ከቦርሳ ወጥቶ ካሜራ ተሸክሞ እስኪቆም ያለው ጊዜ ነው። ይሄ ደግሞ ከእግሩ ክፍሎች ብዛት ጋር የተያያዘ ነው። ባለአምስት ክፍል እግር ሲታጠፍ በጣም ያጥራል፣ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ ደስ ይላል። ግን በእያንዳንዱ እግር ላይ አራት መቆለፊያ አለው፤ ለሦስቱ አሥራ ሁለት። ባለአራት ክፍል ዘጠኝ ነው። እኔ የሚጠመዘዘውን መቆለፊያ እመርጣለሁ፤ ታጥፎ ሳለ የአንዱን እግር መቆለፊያዎች በአንድ መዳፍ ጨብጦ በግማሽ ዙር መፍታት ይቻላል። ክሊፑን የሚወዱ አሉ፣ አልጣላቸውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እግሩ ሲዘረጋ እያንዳንዱ ክፍል ከበላዩ ካለው ይቀጥናል፣ አብዛኛውን ጊዜ በ3 ሚሊ ሜትር ገደማ። ክፍል በበዛ ቁጥር የታችኛው እየሳሳ ሄዶ ሸምበቆ ያክላል። እና የቱቦ ጥንካሬ እንደምናስበው አይደለም። የግድግዳው ውፍረት እኩል ሆኖ የቱቦው ስፋት በግማሽ ቢቀንስ፣ መጉበጥን የመቋቋም አቅሙ በግማሽ አይቀንስም፤ ወደ አንድ ስምንተኛ ገደማ ይወርዳል። ሥዕሉን የሚያደበዝዘው ያ የታችኛው ቀጭን ክፍል ነው። ሳጥኑ ላይ «8 ኪሎ ይሸከማል» ተብሎ ተጽፎ ይሆናል። መሸከምማ ይሸከማል፣ አይሰበርም። መሸከምና አለመንቀጥቀጥ ግን ለየቅል ናቸው፤ ያ ቁጥር ስለ መንቀጥቀጥ አንዲት ቃል አይናገርም። አምራቾቹ ሁሉ የሚስማሙበት አንድ የአለካክ መንገድም የለም።

ለዚህ ነው ቁመቱን እርሱት የምለው። 150 ሴንቲ ሜትር የሚቆም የጉዞ ትራይፖድ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ የሚደርሰው ቀጭኑን ክፍል ሁሉ አውጥቶ፣ በዚያ ላይ መሀሉ ላይ ያለውን ዘንግ ወደ ላይ ስቦ ነው። ዘንጉ ሲወጣ ሦስት እግር መሆኑ ቀርቶ በአንድ እግር ቆመ ማለት ነው። እኔ ዘንጉን ሳይጨምር ስንት ይቆማል ብዬ ነው የማየው፤ ደረቴ ድረስ ከመጣ በቂዬ ነው። የካሜራው ስክሪን ቀና ብሎ ይታጠፋል፣ ጎንበስ ማለትም አይገድልም። ደግሞ ከተማችን ራሷ ከፍታ ትሰጣችኋለች። የመስቀል አደባባይ ደረጃዎች አሉ። ቸርችል ጎዳና ከማዘጋጃ ቤት በኩል ሆናችሁ ብታዩት ቁልቁል እስከ ለገሃር ይወርዳል፤ የመኪኖቹ ቀይ መብራት መስመር ሠርቶ ሲወርድ ለማንሳት የሰው ቁመት አያስፈልግም። የንግድ ባንኩ ሕንፃ 209 ሜትር ነው፤ ትራይፖዳችሁ 20 ሴንቲ ሜትር ቢጨምር ምንም አይመስለውም።

የምትቆሙበት መሬት ግን ይመለከታችኋል። የእግረኛ ድልድይ ላይ ወጥቶ መቅረጽ ያምራል፤ ነገር ግን ሰው ባለፈ ቁጥር ድልድዩ ይርገበገባል። የ10 ሴኮንድ ሥዕል ለመያዝ ሰው እስኪያልፍ መጠበቅ ነው፣ ከታች ከባድ መኪና ካለ እሱንም። ይሄን የዓለም ውዱ ትራይፖድም አያድነውም። የካሜራውን ማንገቻ ፍቱት፣ ነፋስ ይመታዋል። ቁልፉን በጣት ከመጫን የሁለት ሴኮንድ ታይመር ተጠቀሙ።

ወደ ከዋክብት ስንመጣ ጭንቀቱ ከእግሩ ወደ ጭንቅላቱ ይሄዳል፣ ካሜራው ወደሚታሰርበት፣ ቦል ሄድ ወደምንለው። የፍኖተ ሐሊብ፣ የሚልኪ ዌይ፣ መሀል፣ ያ ደማቁ ክፍል፣ ከእኛ ሰማይ ላይ በስተደቡብ 52 ዲግሪ ድረስ ይወጣል። ካሜራው ከባድ ሌንስ ይዞ ያን ያህል ቀና ብሎ መቆየት አለበት። ደካማ ጭንቅላት ከጠበቀ በኋላም በዝግታ ይሰምጣል። ዓይናችሁ አያየውም፤ ኮከቡ ነጥብ መሆኑ ቀርቶ ሰረዝ ሲሆን ነው የሚታወቀው። መሬት ራሷ ስለምትዞር 20 ሚሊ ሜትር ሌንስ ላይ ከ25 ሴኮንድ በላይ አትከፍቱም፤ ይሄ 500ን ለሌንሱ ቁጥር የማካፈል የቆየ ልማድ ነው። አዲሶቹ ካሜራዎች ላይ እኔ 15 ላይ እቆማለሁ።

ወቅቱም ያስቸግራል። ፍኖተ ሐሊብ ሌሊቱን ሙሉ በሚታይበት በሰኔና በሐምሌ እኛ ክረምት ላይ ነን፣ ደመና። ስለዚህ ወይ በሚያዝያ ከእኩለ ሌሊት በኋላ መነሳት፣ ወይ በጥቅምት ገና እንደጨለመ ወደ ደቡብ ምዕራብ ማየት። ከመሀል ከተማ አይሆንም፤ የኮሪደሩ መብራት ከመጣ ወዲህማ ጭራሽ። ድሮ ሰፈሩ በሙሉ መብራት ሲጠፋበት የምናየው ሰማይ ነበር፤ አሁን ጄኔሬተሩ ይቀድማል። እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ባለ 1 ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል፤ ከተማው ግን እየተጠጋቸው ነው። ለእኛ ከከተማ ርቆ መሄድ ግድ ነው፣ ክብደት የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው።

ወደ ጎንደር ወይም ወደ ላሊበላ የሚበሩት አውሮፕላኖች ብዙ ጊዜ ትንንሾቹ ኪው 400 ናቸው፤ የላይኛው ዕቃ ማስቀመጫቸው ጠባብ ነው፣ በኢኮኖሚ የሚፈቀደው የእጅ ሻንጣም 7 ኪሎ ነው። ካሜራና ሁለት ሌንስ ስትይዙ ግማሹ ሄደ። እዚህ ላይ ካርቦን ፋይበር ልግዛ ወይ ትሉኛላችሁ። ፒክ ዲዛይን የሚባለውን ኩባንያ ትራይፖድ ምሳሌ ልውሰድ፤ የካርቦኑና የአልሙኒየሙ ልዩነት 300 ግራም ገደማ ሲሆን የካርቦኑ ዋጋ ግን ከአንድ ተኩል እጥፍ ይበልጣል። ስሜን ተራራ፣ እሜት ጎጎ 3,926 ሜትር ላይ ንጋት ለምትጠብቁ ካርቦኑ እጅ አያቀዘቅዝም፣ ንዝረትም ቶሎ ያበርዳል። ገንዘቡ ካላችሁ ደስ ይላል። ከሌላችሁ አልሙኒየሙን ያዙና የተረፈውን ጭንቅላቱ ላይ አውሉት፤ እኔ እንደዚያ ነው ያደረግኩት። ተራራ ላይ ነፋስ ሲነሳ ቦርሳችሁን መሀሉ ላይ ስቀሉት፣ ግን ጫፉ መሬት ይንካ። አየር ላይ ከተንጠለጠለ ይወዛወዝና ትራይፖዱንም ይዞት ይወዛወዛል።

ከሠርግ ቪዲዮ ቀራጮች ያገለገለ መግዛት የምታስቡ፣ እሱ ለቪዲዮ የተሠራ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ሚኒባስ ውስጥ ግን ለብቻው ወንበር ይክፈሉለት ይሏችኋል። ከውጭ በሚመጣ ሰው የምታስመጡ ደግሞ መጀመሪያ የጓደኛ ተውሳችሁ ሞክሩ።

ሱቅ ሄዳችሁ ካገኛችሁ ካሜራችሁን ይዛችሁ ግቡ። ቀጭኑን ክፍል አውጡት፣ ካሜራውን ስቀሉበት፣ ስክሪኑ ላይ ምስሉን እስከ መጨረሻው አቅርቡና አንዱን እግር በጣታችሁ ነካ አድርጉት። ምስሉ ረግቶ እስኪቆም ቁጠሩ። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ውሰዱና ድገሙት። ሻጩ ቢያጉረመርም ስቃችሁ እለፉት።

ለዛሬ ይሄው ነው። ቸር እንሰንብት።