መጀመሪያ ማታለያው፣ ከዚያ ዘንጉ

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

በዚህ ብርድ ከቤት ወጥታችሁ ስለ ዓሣ ዘንግ ለመስማት መምጣታችሁ ራሱ ይገርማል። ባለቤቴ "በረዶ በስቶ ቀዳዳ ሲጠብቅ የሚውል ሰው ጤነኛ ነው?" ትለኛለች። ዛሬ ስንት እንደሆንን ብታይ ጥያቄዋን ትተወው ነበር። ወይም ሁላችንንም ትጠረጥረን ነበር።

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። ከበረዶ በታች ሌክ ትራውት የሚባለውን ዓሣ ለማጥመድ ዘንግ እንዴት ይመረጣል? ድንኳኑን፣ ጫማውንና ውሃ ውስጥ ያለውን ዓሣ የሚያሳየውን መሣሪያ፣ ሶናሩን፣ ለሌላ ቀን እንተወው።

ከራሴ ጥፋት ልጀምር። በመጀመሪያው የበረዶ ወቅቴ አንድ ሱቅ ገባሁ። ሻጩን "በረዶ በስቼ ዓሣ ላጠምድ ነው፣ ምን ልግዛ?" አልኩት። 60 ሴንቲሜትር የምትሆን፣ ሪሉም (የክር መጠቅለያው) ክሩም የተገጠመላት ዘንግ አወጣልኝ። "ይቺ ለሁሉም ዓሣ ትሆናለች" አለኝ። አመንኩት። ቀለሟ ቀይ ነበር። እውነቱን ለመናገር የገዛኋትም ለቀለሟ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት 30 ሜትር ጥልቀት ላይ ማታለያዬን፣ ማለትም መንጠቆ ያለበትን የውሸት ምግብ፣ አወረድኩ። አጠገቤ ያለው ጓደኛዬ ሶናር ነበረው። ዓሣው ሲመጣ እናያለን። እጄ ላይ ግን ምንም አይሰማኝም። ነከሰ ሲለኝ ዘንጌን ወደ ላይ መነጨቅኩ። ዘንጓ እንደ ፓስታ ተጠማዘዘች። ታች ያለው መንጠቆ ንቅንቅ አላለም። ሁለቴ፣ ሦስቴ እንዲሁ ሆነ። አራተኛው እንደምንም ተያዘና ወዲያው ወደ ታች ሮጠ። ዘንጓ አጭር ናት። እኔ ደግሞ ከቀዳዳው ራቅ ብዬ ቆሜያለሁ። ክሩ የበረዶው ጠርዝ ላይ ተፋተገ። ጧ! ቀይዋን ዘንግ ታቅፌ ቀረሁ።

ያቺ ዘንግ መጥፎ አልነበረችም። መዳፍ ለሚያህል ዓሣ፣ 4 እና 5 ሜትር ጥልቀት ላይ፣ በጣም ጥሩ ናት። አሁንም ቤት አለች፣ ልጄ ትጠቀምባታለች። ጥፋቱ የኔ ነው። ዘንጉን ገዝቼ ከዚያ በኋላ ዓሣውን መፈለግ ጀመርኩ። የተገላቢጦሽ ሠራሁት ማለት ነው። ዓሣውንና የሚኖርበትን ጥልቀት ካወቅን ማታለያውን እናውቃለን። ማታለያው ደግሞ ዘንጉን ይነግረናል።

እስቲ ከዓሣው እንነሳ። ሌክ ትራውት ትራውት ይባል እንጂ ቻር የሚባሉት የቀዝቃዛ ውሃ ዓሦች ወገን ነው። የሰሜን አሜሪካ ዓሣ ነው። ቤቱ በካናዳ፣ በአላስካ፣ በታላላቆቹ ሐይቆችና በአካባቢያቸው ያሉ ጥልቅና ቀዝቃዛ ውሃዎች ናቸው። ሙቀት አይወድም። በበጋ ላይኛው ውሃ ሲሞቅ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። ሐይቁ በረዶ ሲለብስ ግን ውሃው ከላይ እስከ ታች ቀዝቃዛ ይሆንለታል። ያኔ ሐይቁ በሙሉ የሱ ነው። ዛሬ 5 ሜትር ላይ፣ ነገ 35 ሜትር ላይ ልታገኙት ትችላላችሁ። ስለዚህ ለጥልቁ የሚሆን ዘንግ ያዙ። እሱ ጥልቀት በሌለው ውሃም ያገለግላችኋል። የኔዋ ቀይ ግን ወደ ጥልቁ ስወስዳት ምን እንዳደረገችኝ ነግሬያችኋለሁ።

መጠኑስ? እ.ኤ.አ. በ1995 ካናዳ ውስጥ ግሬት ቤር ሐይቅ ላይ የተያዘው ባለ ክብረ ወሰን 72 ፓውንድ ይመዝን ነበር። ከ32 ኪሎ በላይ ነው። አትደንግጡ፣ እኛ አብዛኛውን ጊዜ የምናገኘው ከ1 እስከ 4 ኪሎ ያለውን ነው። ቢሆንም ባለ 4 ኪሎው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ላይ ደረሰ ብላችሁ ስትደሰቱ ቀዳዳውን ያይና እንደገና ቁልቁል ይፈተለካል። ይህንን ሦስቴ አራቴ ሊያደርገው ይችላል።

አሁን ወደ ማታለያው። ለሌክ ትራውት የምንጠቀመው እንደ ትንሽ ዓሣ የተሠራ ለስላሳ ፕላስቲክ፣ ውስጡ እርሳስ የገባበት፣ ወይም የብረት ማንኪያ ነው። ነጭ ቀለም ለዚህ ዓሣ የታወቀ ነው። ክብደቱ በአብዛኛው ከ10 እስከ 30 ግራም ነው። ከዚያ ከቀለለ እስኪወርድ ድረስ ሻይ አፍልታችሁ ትጠጣላችሁ። ለዘንጉ ትልቁ ጉዳይ ይህ ክብደት ነው።

ሱቅ ስትሄዱ ማታለያችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ። የምቀልድ እንዳይመስላችሁ። ዘንጉን ያዙና ማታለያውን ጫፉ ላይ አንጠልጥሉት። ጫፉ ትንሽ ጎንበስ ካለ ጥሩ ነው። ዘንጉ እስከ ወገቡ ከታጠፈ ለስላሳ ነው፣ መልሱት። ጭራሽ ካልተንቀሳቀሰ ደግሞ ደንዳና ነው። ዓሣው ቀስ ብሎ ሲነካው አታውቁም። ቀጥላችሁ ወደ ላይ ነጠቅ አድርጉት። ማታለያው ወዲያው ከዘንጉ ጋር ዘለለ? ወይስ ዘንጉ ከታጠፈ በኋላ እየጎተተ ተከተለ? 30 ሜትር ታች ያለውን መንጠቆ የምታንቀሳቅሱት በዚህ ንጥቂያ ነው። የሌክ ትራውት አፍ ደግሞ ጠንካራ ነው፣ መንጠቆ በልመና አይገባበትም።

ዘንጉ ላይ የሚጻፉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ጥንካሬው ነው። "ሚዲየም ሄቪ" የሚለውን ፈልጉ። በጣም ትልልቅ ዓሣ ያለበት ሐይቅ የምትሄዱ ከሆነ "ሄቪ"። ሁለተኛው አስተጣጠፉ ነው። "ፋስት" የሚለው ጫፉ ብቻ የሚታጠፍ፣ ከታች ግን አከርካሪ ያለው፣ ማለትም ጠንካራ የሆነ ማለት ነው። የምንፈልገው ይህንን ነው። ጫፉ ይሰማል፣ አከርካሪው ያነሳል። ጽሑፉን ግን ሙሉ በሙሉ አትመኑት። አንዱ ፋብሪካ "ሚዲየም" ያለው የሌላው "ሄቪ" ሊሆን ይችላል። የማታለያው ፈተና ከጽሑፉ ይበልጣል።

ርዝመት ላይ ሰው ብዙ ይከራከራል። ለኔ ነገሩ የት ናችሁ የሚለው ነው። ድንኳን ውስጥ ተቀምጣችሁ የምታጠምዱ ከሆነ ከ75 እስከ 90 ሴንቲሜትር ይበቃል። ከዚያ ከረዘመ ዓሣው ሲጎትት ጣሪያውን ትወጉታላችሁ። ደጅ ቆማችሁ ከሆነ ግን ከ90 እስከ 120 ሴንቲሜትር ያለውን ያዙ። ረጅም ዘንግ አንድ ንጥቂያው ብዙ ክር ያነሳል። የዓሣውን ድንገተኛ ሩጫም ያለዝባል። ከሁሉም በላይ ጫፉን ቀዳዳው መሀል ላይ ማድረስ ትችላላችሁ። ክራችሁ የበረዶውን ጠርዝ አይነካም። የኔን "ጧ" አትሰሙትም። ሁለቱንም ቦታ የምትሠሩና አንድ ብቻ የምትገዙ ከሆነ 90 ላይ ቁሙ።

ካርቦን ወይስ ፋይበርግላስ? ካርቦኑ ቀላል ነው፣ የታችኛውን ነገር ሁሉ ለእጅ ይናገራል። ግን መኪና ውስጥ ወርውራችሁ የበረዶ መብሻው ቢወድቅበት አይችልም። ፋይበርግላሱ ከበድ ይላል፣ እንደዚያ አይናገርም፣ ግን መከራ ይችላል። በእጄ ለምይዘው ካርቦን እመርጣለሁ። ማስቀመጫ ላይ ለማቆመው ፋይበርግላስ ይበቃኛል።

ስለ ማስቀመጫ፣ ማለትም ሁለተኛ ዘንግ ስለማቆም ካነሳን፣ በካናዳዋ ኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ውስጥ በበረዶ ላይ በአብዛኞቹ ሐይቆች በሁለት ክር ማጥመድ ይፈቀዳል። ግን ከሁለቱም ከ60 ሜትር በላይ መራቅ አይቻልም፣ ክሮቹም ሁልጊዜ መታየት አለባቸው። የተለየ ደንብ ያላቸው ሐይቆች አሉ፣ ሌክ ትራውት ማጥመድ የሚዘጋበት ወቅትም አለ። ከመሄዳችሁ በፊት የሐይቁን ደንብ አንብቡ። ሌላ ክፍለ ሀገር ከሆናችሁ የዚያን።

ክሩን ከዘንጉ መለየት አይቻልም። ናይሎን ይለጠጣል። 30 ሜትር ናይሎን ለቃችሁ ዘንጉን ስትነጥቁ ጉልበታችሁን ክሩ ይበላዋል። እኔ ቀይዋን ብቻ ስወቅስ ከረምኩ እንጂ ግማሹ ጥፋት የክሩ ነበር። የተገመደ ክር አይለጠጥም፣ ስለዚህ ለጥልቁ እሱ ነው። ከ15 እስከ 30 ፓውንድ የሚችል ይሁን። ጫፉ ላይ አንድ ሁለት ሜትር ፍሎሮካርቦን የሚባለውን ክር ቀጥሉበት፣ ውሃ ውስጥ ብዙም አይታይም። የተገመደው አንድ ጠባይ ግን አለው። ውሃ ይይዝና ደጅ ብርድ ላይ በረዶ ሆኖ ይደርቃል፣ እንደ ሽቦ ይሆናል። ድንኳን ውስጥ ችግር የለውም። ደጅ በከባድ ብርድ ከሆናችሁ ሙሉውን ፍሎሮካርቦን ማድረግ ይሻላል። ትንሽ መለጠጡን ቻሉት።

የክር ማለፊያ ቀለበቶቹን እዩ። ሰፋ ያሉ ይሁኑ፣ በተለይ የጫፉ። ጠባብ ቀለበት በሁለት ደቂቃ በበረዶ ይዘጋል። ሲዘጋ ጫፉን ውሃው ውስጥ ነከር አድርጉት፣ ይቀልጣል። በጥርስ የሚሰብር ሰው አይቻለሁ። ሐኪም ቤት ሲሄድ ግን አላየሁም፣ ስለዚህ ምን እንደደረሰበት አልነግራችሁም። እጀታው ቡሽ ወይም ስፖንጅ ይሁን። ብረቱ ለጣት የተጋለጠ ዘንግ በነጌቲቭ 20 ዲግሪ አይያዝም።

ሪሉን በአጭሩ። ከዘንጉ ጋር ሚዛኑ ይጠበቅ፣ ዓሣው ሲጎትት ክሩን እየያዘ የሚለቀው ፍሬኑ ደግሞ ለስላሳ ይሁን። ፍሬኑ ከነቀዘ ክሩ ተበጠሰ ማለት ነው። ስትገዙ በእጃችሁ ክሩን ሳብ ሳብ አድርጉት። የሚነጥር ከሆነ ተዉት። ፈጥኖ የሚጠቀልል ቢሆን ደግሞ እሰየው። ሌክ ትራውት አሳዳጅ ነው። ሶናር ላይ ወደ ማታለያችሁ ሲመጣ ካያችሁ አትቁሙ፣ ወደ ላይ ሽሹበት። አይጥ ድመት ፊት ቆማ አትጠብቅም። እናንተ ከቆማችሁ እሱም ይጠራጠርና ይመለሳል። ከሸሻችሁበት ከ25 ሜትር እስከ 5 ሜትር ተከትሎ ሲነክስ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ለግማሽ ሰዓት እጄ ሲንቀጠቀጥ ነበር፣ ከብርድ አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ለዓሣው። ይህ ዓሣ ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ከ40 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። ትልቁን የምትለቁት ከሆነ አከርካሪ ያለው ዘንግ ትግሉን ያሳጥርለታል። ሲወጣ አረፋ ሲለቅ ብታዩ አትደንግጡ። የአየር ከረጢቱ ከጉሮሮው ጋር ስለሚገናኝ ከጥልቅ ሲነሳ አየሩን ያስወጣል። ይህን የማይችሉ ዓሦች አሉ፣ እነሱ ከጥልቅ ሲወጡ ይጎዳሉ።

እንግዲህ ጠረጴዛው ላይ አምስት ዘንጎች አምጥቻለሁ። ቀይዋም አለች፣ ከልጄ ተውሼ። ባለ 20 ግራም ማታለያ አጠገባቸው አለ። መንጠቆውን አውጥቼዋለሁ፣ አትፍሩ። አንድ በአንድ አንጠልጥሉና ንጠቁት። የትኛው ለ30 ሜትር እንደሚሆን ሳትነግሩኝ ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ከሻይ በኋላ እናስተያያለን።