የብረት ሰዓት በጎማ ማሰሪያ፦ ውድ ሰዓት ሠሪዎች ሊያቀርቡት ይገባል?

(ምስል፦ የኦይስተርፍሌክስ ማሰሪያ በቅርበት፣ ወደ ጎን ሲታጠፍ)

ሮሌክስ ኦይስተርፍሌክስ የሚባለውን ጥቁር ማሰሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ላዩ ጎማ መሰል ነው፤ ውስጡ ግን ከቲታኒየምና ከኒኬል ቅይጥ የተሠራ፣ ቢታጠፍም ወደ ቅርጹ የሚመለስ ስስ ብረት አለው። መጀመሪያ የተገጠመው ያክት ማስተር በተባለው ሞዴሉ ላይ ነው፤ ያውም በሮዝ ወርቁ። በኋላ ዴይቶናና ስካይ ድዌለር የተባሉት ሞዴሎቹ ሲከተሉም ማሰሪያው የደረሳቸው የወርቆቹ ናቸው። ለጠላቂዎች የተሠራውን ሰብማሪነር በብረት የሚገዛ ሰው ግን የሚሰጠው የብረት ሰንሰለት ነው። ባሕር ለሚገባው ሰዓት ያልተሰጠው ማሰሪያ ለወርቁ ተሰጠ ማለት ነው።

ይህን ያመጣው የቴክኒክ ችግር አይመስለንም። የወርቅ ሰንሰለት ብዙ ወርቅ ይበላል፤ በጎማ ሲተካ ሰዓቱም ይቀላል፣ ዋጋውም ይወርዳል። በብረት ሰዓት ላይ ያ የዋጋ ልዩነት ትንሽ ነው፤ ለፋብሪካው የሚያጓጓ ነገር የለውም። ለባለቤቱ ግን ጎማ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው በብረት ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ ለጥያቄው መልሳችን ይገባል የሚል ነው፤ ነገር ግን የብረቱ ሰንሰለትም በዚያው ሳጥን ውስጥ መኖር አለበት።

ጎማ የሰዓትን ክብር ይቀንሳል የሚለው ክርክር ድሮ ያለቀ ነው። ካርሎ ክሮኮ ሁብሎ የተባለውን የሰዓት ምርቱን በ1980 ሲያስተዋውቅ የወርቅ ሰዓት በተፈጥሮ ጎማ አስሮ ነው የቀረበው። ፓቴክ ፊሊፕ በ1997 አኳኖት የተባለውን ሰዓት በብረት ገላና በጎማ መሰል ማሰሪያ አወጣ። ኦደማር ፒጌም በ2010 የሮያል ኦክ ኦፍሾር ዳይቨርን፣ 300 ሜትር የሚቋቋመውን፣ በብረትና በጎማ ሠራ።

(ምስል፦ ከሰዓቱ አጠገብ ሞገድ መሰል እጥፋት ያለው የጠላቂ ማሰሪያ)

እነዚህ እጥፋቶች ለጌጥ የተሠሩ አይደሉም። ጠላቂ ወደ ታች ሲወርድ የውሃው ግፊት የኒዮፕሪን (አረፋ መሰል ጎማ) ልብሱን ይጨምቀዋል፤ ልብሱ ሲሳሳ ሰዓቱ የታሰረበት ክንድ ይቀጥናል። ላይ እያለ ልክ የነበረው የብረት ሰንሰለት እዚያ ታች ይላላና ሰዓቱ ይሽከረከራል። ጎማው ግን ላይ ሲታሰር ተለጥጦ ስለነበር ታች ላይ ይሰበሰባል። በየብስም ቢሆን የእጅ አንጓ በሙቀት ያብጣል፣ በብርድ ይኮማተራል፤ ጎማ በጥቂቱም ቢሆን አብሮ ይለጠጣል፣ አብሮ ይሰበሰባል።

ሆኖም ሁሉም ጎማ አንድ አይደለም፤ ገዢ የሚጎዳውም እዚህ ላይ ነው። ሲሊኮን ለስላሳ ነው፣ ቆዳ አያስቆጣም፤ ነገር ግን አቧራና የልብስ ብናኝ ይሰበስባል፣ በዘለበቱ ቀዳዳ በኩልም ቶሎ ይቀደዳል። ፖሊዩሪቴን መጀመሪያ ጠንካራ ነው፤ እርጥበት ውስጡን ቀስ በቀስ ስለሚያፈርሰው ከዓመታት በኋላ ይጣበቃል ወይም ይሰባበራል፣ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦም ቢሆን። የተፈጥሮ ጎማ በመለጠጥ የሚወዳደረው የለም፤ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ግን ያሳብጠዋል፣ ፀሐይና ኦዞን ይሰነጥቁታል። ኤፍ ኬ ኤም የሚባለው ፍሎሪን ያለበት ጎማ ዘይትን፣ ፀሐይንና ሙቀትን ከሁሉም የበለጠ ይቋቋማል፤ አፕል በ2015 ለሰዓቱ ሲጠቀምበት ብዙ ሰው ለመደው። ክብደቱ ከተፈጥሮ ጎማ ስለሚበልጥ በእጅ ሲያዝ እንኳ ይታወቃል።

ስለ ኤፍ ኬ ኤም ሳይነገር መታለፍ የሌለበት አንድ ነገር አለ። የአሜሪካው ኖተርዳም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በታኅሣሥ 2024 ባወጡት ጥናት 22 የሰዓት ማሰሪያዎችን መርምረው፣ ፍሎሪን ባለባቸው በርካቶቹ ውስጥ ፒ ኤፍ ሄክስ ኤ የተባለውን፣ በአካባቢ ውስጥ በቀላሉ የማይበሰብስ ኬሚካል በከፍተኛ መጠን አግኝተዋል። ጥናቱ የለካው ማሰሪያው ውስጥ ያለውን ነው፤ በቆዳ አልፎ የሚገባውን አይደለም። ሰዓቱን በውድ የሚሸጥ ድርጅት ማሰሪያው ከምን እንደተሠራ በስሙ ሊጽፍ ይገባል። «ከፍተኛ ጥራት ያለው ጎማ» ብሎ ማለፍ መልስ አይደለም።

(ምስል፦ ማሰሪያው የወለቀለት ሰዓት፣ በጆሮዎቹ (ማሰሪያው በሚገጠምባቸው የገላው ጉጦች) መካከል የቀረ ነጭ የጨው ቅሪት)

አሁን ወደ መጋጠሚያው እንምጣ። ማሰሪያውን በሰዓቱ ጆሮዎች መካከል የሚይዘው ቀጭን ባለሞላ ዘንግ ነው። በጆሮዎቹ መካከል ያለው ስፋት 20 ሚሊ ሜትር ሆኖ ማሰሪያው 19.5 ከሆነ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ 20.5 ከሆነ ተጨምቆ ይገባና ባንቀሳቀሱት ቁጥር የገባው አሸዋ የጆሮዎቹን ውስጥ ይፍቃል። የገላውን ክብ ተከትሎ የተቀረጸ ጫፍ ያለው ማሰሪያ ክፍተቱን ይሸፍናል፤ ሲታይ ያምራል። ችግሩ እዚያ የገባ የባሕር ውሃ መውጫ አለማግኘቱ ነው። የማይዝገው ብረት የማይዝገው ላዩ ላይ ባለው ስስ የክሮሚየም ኦክሳይድ ሽፋን ነው፤ ሽፋኑ ራሱን ለመጠገን ኦክስጅን ይፈልጋል። ጎማ ሥር በታፈነ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ኦክስጅኑ ሲያልቅ ብረቱ በነጠብጣብ መበላት ይጀምራል። ሮሌክስ የሚጠቀምበት 904ኤል የተባለው የማይዝግ ብረት ዓይነት ከተለመደው 316ኤል የተሻለ ይቋቋማል፤ ሌሎቹ ግን በብዛት 316ኤል ናቸው። ከባሕር ወይም ከብዙ ላብ በኋላ ማሰሪያውን አውልቆ በንጹሕ ውሃ፣ በጥቂት ለስላሳ ሳሙናና በጥርስ ብሩሽ ማጠብ፣ ከዚያ አድርቆ መመለስ ያስፈልጋል። ሲመልሱም ዘንጉ ቀዳዳው ውስጥ መግባቱን ማሰሪያውን ሳብ አድርጎ ማረጋገጥ ነው፤ ግማሽ የገባ ዘንግ በድንገት ይለቃል።

ሌላው ልኩ ነው። የአኳኖት ማሰሪያ በገዢው እጅ ልክ ይቆረጣል፣ የተቆረጠ ደግሞ አይቀጠልም። ሻጩ ጠዋት በብርድ ቆርጦ ልክ ያደረገው ከሰዓት በኋላ ሊያጣብቅ ይችላል። ስለዚህ እጅ ሞቅ ባለበት ሰዓት፣ ከሁለቱም በኩል አንድ አንድ እርከን ብቻ እየቀነሱ መሞከር ይሻላል። በሰዓቱ ፊት ላይ በ6 ቁጥር በኩል ያለው ቁራጭ አጠር ቢል መቆለፊያው የእጅ አንጓው መሐል ላይ ይቀመጣል። ኦይስተርፍሌክስ አይቆረጥም፤ ብረት ስላለው በተለያየ ርዝመት ተዘጋጅቶ ነው የሚመጣው። በውስጥ በኩል ያሉት ትራስ መሰል ጠርዞችም ከባዱ ሰዓት እጅ ላይ እንዳይገለበጥ ይይዙታል። ይህ በጣም ጥሩ ሥራ ነው፤ ብረት ሰዓት የገዛ ሰውም ይገባዋል።

የብረቱ ሰንሰለት አብሮ ይምጣ ያልነው ደግሞ ጎማ አላቂ ስለሆነ ነው። በየቀኑ የታሰረ ጎማ በጥቂት ዓመታት መተካቱ አይቀርም፤ ሰንሰለት ግን ፒኖቹ እየታዩ አሥርት ዓመታት ያገለግላል። በጎማ ብቻ የተሸጠ ሰዓት ባለቤቱን የፋብሪካው መለዋወጫ ጥገኛ ያደርገዋል፣ በተለይ መጋጠሚያው ለዚያ ሰዓት ብቻ የተቀረጸ ሲሆን። ቫሼሮን ኮንስታንቲን በ2016 ባደሰው ኦቨርሲስ በተባለው ሞዴሉ ይህን በትክክል ሠርቶታል፤ ብረቱ ሰዓት ከሰንሰለቱ ጋር የቆዳም የጎማም ማሰሪያ ይዞ ቀረበ፣ መቀያየሪያውም መሣሪያ አይፈልግም። እንግዲህ በጎማ ብቻ የቀረበ የብረት ሰዓት ለመግዛት ያሰበ ሰው፣ ከመክፈሉ በፊት ሻጩን ሁለት ዋጋ በጽሑፍ ይጠይቅ፦ የመተኪያ ጎማውን፣ እና የሚገጥምለት ሰንሰለት ካለ የእሱን ከነመቆለፊያው።